ባትሪ ይነቀል በነበረበት ዘመን

ለቢሮ ሥራ የተሠራ ላፕቶፕ ከባትሪው የሚስበው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ከስክሪኑ በብርሃን፣ ከአንቴናው በሬዲዮ ሞገድ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ የቀረው ፕሮሰሰሩንና ሰሌዳውን አግሎ በጎን ቀዳዳ ይወጣል። ስለዚህ «ላፕቶፑ ይግላል» የሚለውና «ባትሪው አይቆይም» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አቤቱታ ነው። ይህን ዝምድና ጠንቅቀው የተረዱ ባለቤቶች ማሽናቸውን በገዛ እጃቸው ይገሩበት የነበረ ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2019 መጨረሻ የዘለቀ ሲሆን፣ መባቻውም ማብቂያውም ከፕሮሰሰር ቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ነው።

የዘመኑ ዋና መሣሪያ «ቢዝነስ ላፕቶፕ» የሚባለው ወገን ነበር፦ የአይቢኤም፣ በኋላም የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲትዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። ቲንክፓድ 700ሲ በተባለው ሞዴል በ1992 ገበያ ላይ ዋለ። ጥቁር ሣጥን መልኩን የሰጠው ጀርመናዊው ንድፍ ሠሪ ሪቻርድ ሳፐር ነው፤ የውስጥ ምህንድስናው ለረጅም ጊዜ የተሠራው ጃፓን ውስጥ ያማቶ በሚባል ከተማ በነበረ ቤተ ሙከራ ነው። በ2005 የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ክፍል ለቻይናው ሌኖቮ ሲተላለፍ መልኩም ልማዱም ብዙ አልተነካም። እነዚህ ማሽኖች የታሰቡት ለግለሰብ ሳይሆን በሺህ ለሚገዛ ድርጅት ነው። በሺህ የሚገዛ ድርጅት የራሱ የጥገና ክፍል አለው፤ የጥገና ክፍል ደግሞ ማሽኑ ቶሎ ተፈትቶ ቶሎ እንዲገጠምለት ይፈልጋል። ስለዚህ አምራቾቹ እያንዳንዱ ብሎን የት እንዳለ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚፈታ የሚያሳይ የጥገና መጽሐፍ ለማንም ክፍት አድርገው አወጡ። ለድርጅት ቴክኒሻን የታሰበው ይህ ልግስና፣ ማሽኑ ሦስት አራት ዓመት አገልግሎ ወደ ሁለተኛው ገበያ ሲወጣ ሳይታሰብ ለግለሰብ ባለቤት ደረሰ። አዲስ ግን ርካሽ ላፕቶፕ ከሱቅ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዕድል አላገኘም።

ከ2003 በፊት የነበረው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የጠረጴዛ ኮምፒውተር ልብ ለጉዞ ተቀንሶ የቀረበ ነበር። ፔንቲየም 4 ኤም 30 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላ ስለነበር ላፕቶፑ ወፍራም፣ ፋኑ የማያርፍ፣ ባትሪው ከስብሰባ መሐል የሚያልቅ ሆነ። በማርች 2003 ኢንቴል፣ እስራኤል ሃይፋ ውስጥ ያለው ቡድኑ ከመነሻው ለላፕቶፕ ብሎ የነደፈውን ፔንቲየም ኤም አወጣ። ይህ ፕሮሰሰር ሥራው ሲከብድ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን አብሮ ከፍ፣ ሲቀል አብሮ ዝቅ ያደርግ ነበር። የ1.6 ጊጋኸርዙ ሞዴል በሙሉ ፍጥነቱ 1.484 ቮልት ይወስዳል፤ ተጠቃሚው ጽሑፍ ሲያነብ ወደ 600 ሜጋኸርዝ ይወርድና በ0.956 ቮልት ይብቃቃል። በመካከሉ ያሉትን ደረጃዎች ማንም ሳያየው ሲወጣና ሲወርድ ይውላል።

ለባለቤቱ በር የከፈተው ይኸው የደረጃ ሠንጠረዥ ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል በእኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው በስኩዌር ነው። ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ ብቻ በ10 በመቶ ቢቀነስ ፍጆታው ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ 10 ተሰጥቶ 19 ይገኛል ማለት ነው። ይህ ቅናሽ የሚገኘው ደግሞ ሥራው ቅንጣት ሳይዘገይ ነው። ቅናሹ ከየት መጣ ቢባል ከአምራቹ ጥንቃቄ ነው። ፋብሪካው ለአንድ ሞዴል ቮልቴጅ ሲቆርጥ ከሚሊዮን ቺፖች ደካማው እንኳ እንዳይሰናከል፣ ከዓመታት በኋላ አርጅቶም በሞቃት ቦታ እንዲሠራ አስቦ ነው። ልጁ ያድግበታል ተብሎ ሰፋ ተደርጎ እንደሚሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም፣ በአብዛኞቹ ቺፖች ላይ ትርፍ ነበረው። ያንን ትርፍ መልሶ ማጥበብ «አንደርቮልቲንግ» ተባለ።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። አርኤምክሎክ ወይም ኖትቡክ ሀርድዌር ኮንትሮል የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል፤ የፍጥነት ደረጃዎቹ በአንድ ረድፍ፣ ቮልቴጆቹ በጎናቸው ተደርድረው ይታያሉ። በፔንቲየም ኤም አንዱ እርምጃ 16 ሚሊቮልት ነው። ከላይኛው ደረጃ ጥቂት እርምጃ ይወረድና ፕራይም95 የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ይለቀቃል፤ ፋኑ ይጮኻል፣ የእጅ ማሳረፊያው ይሞቃል። ካላቆመ እንደገና ጥቂት ይወረዳል። አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ይደርቃል ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ያኔ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣና ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ሲፈተን ያድራል። ቮልቴጅ መቀነስ ቺፑን አያቃጥልም፤ ማሽኑ ሲቆም የሚጠፋው ሳይቀመጥ የቀረ ፋይል ነው። ይሁንና ቮልቴጅ ያነሰው ፕሮሰሰር ሁልጊዜ ወዲያው አይቆምም። ከመቆሙ በፊት አንዳንዴ ይሳሳታል፦ ሁለት ቁጥር አባዝቶ የተሳሳተ ውጤት ያወጣና ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። ፕራይም95 የተመረጠው ውጤቱን ከታወቀው መልስ ጋር እያመሳከረ ይህን ዝምተኛ ስሕተት ስለሚይዝ ነው። በዚያን ጊዜ ነገሩ የማስተካከያ ሥራው አንድ ጣጣ ብቻ ነበር፤ በኋላ የዘመኑን በር የዘጋው ግን እሱ ነው።

ስለ አንደርቮልቲንግ የተወራው ሁሉ እውነት አልነበረም። ቅናሹ የሚታየው ፕሮሰሰሩ ጠንክሮ ሲሠራ ነው። ተጠቃሚው ደብዳቤ ሲጽፍ ፕሮሰሰሩ አስቀድሞ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ነው፤ ባትሪውን የሚጨርሱት ያኔ የስክሪኑ ብርሃን፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክና ዋይፋዩ ናቸው። የስክሪኑ የጀርባ መብራት ከፍሎረሰንት ወደ ኤልኢዲ ሲቀየር፣ ሃርድ ዲስኩም በኤስኤስዲ ሲተካ የተገኘው የባትሪ ዕድሜ በብዙ ማሽኖች ላይ በሚሊቮልት ልፋት ከተገኘው ይበልጣል። ረጅም ሰዓት የሚሠሩት ላፕቶፖችም አብዛኛውን ጊዜ ብርሃናቸውን ግማሽ ላይ ያደረጉ፣ የማይፈለገውን ፕሮግራም የዘጉ ሰዎች ላፕቶፖች ነበሩ። አንደርቮልቲንግ በተለይ የሰጠው ጸጥታን ነው፤ ፋኑ ቶሎ አይነሣም፣ ተነሥቶም ቶሎ ያርፋል።

የተፈጠረው ሙቀት ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። በቢዝነስ ላፕቶፕ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ሳህን ተጭኗል፤ ከሳህኑ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ተነሥቶ ዳር ወዳሉት ስስ የብረት ቅጠሎች ይሄዳል። ቱቦው ውስጥ አየሩ ተመጥጦ ጥቂት ፈሳሽ ታሽጓል፤ ፈሳሹ በትኩሱ ጫፍ ይተንና በቀዝቃዛው ጫፍ ጠል ሆኖ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ይመለሳል። ፋኑ በቅጠሎቹ መካከል አየር ይነፋል። የያማቶ መሐንዲሶች ድምፁን ለመቀነስ የፋኑን ምላጮች ሲነድፉ የጉጉትን ክንፍ አጥንተዋል። በቺፑና በሳህኑ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት የሁለቱን ገጾች ጥቃቅን ሸካራነት ይሞላል። ከዓመታት ሙቀትና ቅዝቃዜ በኋላ ግን ይደርቃል፣ ወደ ዳርም ይገፋል።

አሮጌ ቲንክፓድ ሲፈታ የሚታየው ነገር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው። አስቀድሞ ባትሪው ይነቀላል፤ የውስጥ ባትሪ ያላቸው ሞዴሎች፣ ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ በሚሠራው ባዮስ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ባትሪውን ለጊዜው የሚያጠፋ ትእዛዝ አላቸው። ከዚያ ካቻቪቴ ይያዛል። ፋኑ ሲነሣ በምላጮቹና በቅጠሎቹ መካከል አቧራና የልብስ ብናኝ ተደምድሞ መውጫውን ከግማሽ በላይ ዘግቶት ይገኛል። ከውጭ በኮምፕሬሰር የሚነፋ ሰው ይህን ግድግዳ ብዙ ጊዜ አያፈርሰውም፤ ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ። የደረቀው ፔስት ግራጫ ቅርፊት ሆኖ ይላጣል፣ ቅሪቱ በአልኮል ይጠረጋል፣ አዲሱ በስሱ ይደረጋል። የሳህኑ ብሎኖች አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ በዚያ ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት እየተባለ ካልጠበቁ ሳህኑ በአንድ ጎን ይንጋደዳል፣ ድካሙም ከንቱ ይቀራል። በጋ ላይ አቧራው በማይበርድ ሰፈር፣ ላፕቶፑ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ በሚሠራበት ቤት፣ ይህ ጽዳት ከማንኛውም የሶፍትዌር ዘዴ በፊት የሚመጣ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ በሌላ አገር የተጻፉ ምክሮች ይህን እምብዛም አያነሡትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የቲንክፓድ የተጠቃሚ መመሪያ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል፦ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ ማሽኑ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ መሥራት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ጣሪያው 31.3 ዲግሪ ነው፤ የመጨረሻው ወሰን 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ መሐል ከመጀመሪያው መስመር ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ደብረ ብርሃን አልፋዋለች፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከመጨረሻው ወሰንም በላይ ነው። ደጋው አየሩን ሲያሳሳው ያቀዘቅዘዋልና ማካካሻ አለው። ችግሩ የሚብሰው ቆላ ላይ ነው። ሰመራ አየሩ የሳሳ አይደለም፤ ቀትር ላይ ግን 35 ዲግሪው ራሱ ይታለፋል፤ ፋኑ የሚነፋው አስቀድሞ የሞቀ አየር ነው።

ባትሪን በተመለከተ የዘመኑ መለያ ከስር ወይም ከኋላ ያለው ማንሸራተቻ ነበር። ተገፍቶ ቀጭ ሲል ባትሪው እጅ ላይ ይወጣል። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ በላፕቶፕ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የገባው 18650 በተባሉ ሲሊንደር ሴሎች መልክ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ባለ ስድስት ሴሉ ከማሽኑ ጋር ይስተካከላል፤ ባለ ዘጠኙ ከኋላ ወጣ ብሎ ማሽኑን መያዣ ያለው ያስመስለዋል። የ2011ዱ ቲንክፓድ ኤክስ220 ዘጠኝ ሴል ሲገጠምለት 94 ዋት-ሰዓት ይይዝ ነበር፤ 12.5 ኢንች ስክሪን ላለው ማሽን ይህ የቀን ሙሉ ስንቅ ነው። ዘመኑ አደጋም አይቷል። በ2006 የሶኒ ሴሎች ውስጥ በገባ የብረት ብናኝ ምክንያት ዴል 4.1 ሚሊዮን ባትሪዎች መልሶ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ቲንክፓድ በእሳት ከተያያዘ በኋላ ሌኖቮና አይቢኤምም 526,000 ያህል ባትሪዎችን ጠሩ።

የሊቲየም አዮን ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ባትሪን የሚያስረጁት ነገሮች መሞላቱና መራገፉ ብቻ አይደሉም፤ ሞልቶ መቆየቱና መሞቁም ናቸው። ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሲግል የሚውል ላፕቶፕ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል፤ ባለቤቱ «አልተጠቀምኩበትም» የሚለው ባትሪ በሁለት ዓመት የሚደክመው ለዚህ ነው። በዴስክ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ባትሪውን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ባትሪውን ያተርፋል፤ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ግን ሥራውን ያጠፋል። ቲንክፓድ የሰጠው የተሻለ መፍትሔ የሙሌት ገደብ ነው፦ ባትሪው ከ75 በመቶ በታች ሳይወርድ ሙሌት አይጀምርም፣ 80 ላይ ያቆማል። ገደቡን የሚያስከብረው የማሽኑ የራሱ መቆጣጠሪያ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ ቢሆን ሊኑክስ፣ አንዴ ከተነገረው ይይዘዋል፤ በሊኑክስ ቲኤልፒ የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ ያዛል።

የ80 በመቶ ምክር የተጻፈው ግን መብራት ለማይጠፋባቸው ከተሞች ነው። ጄኔሬተር ያለው መሥሪያ ቤት ያለ ሐሳብ ሊከተለው ይችላል። መብራት ሳይነገር በሚሄድበት ሰፈር ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ግን ያቺ 20 በመቶ ሥራውን ጨርሶ ለመላክ የምትበቃ ሰዓት ልትሆን ትችላለች፤ ባትሪው አንድ ዓመት ቀድሞ ቢያረጅም ዋጋዋ ነው። ባለ ሁለት ባትሪዎቹ ቲንክፓዶች ይህን ጭንቀት አቃልለው ነበር። ከ2013 ጀምሮ እንደ ኤክስ240 እና ቲ440 ያሉ ሞዴሎች ውስጥ አንድ፣ ከኋላ አንድ ባትሪ ይዘው ወጡ። ማሽኑ አስቀድሞ የኋላውን ይጨርሳል፤ ያለቀው ተነቅሎ ሌላ ሲገጠም የውስጡ ማሽኑን ይሸከማል፣ ሥራው አይቋረጥም። ለየባትሪው የየራሱ ገደብ መስጠት ስለሚቻል፣ ለመለወጥ አስቸጋሪ የሆነውን የውስጡን 80 ላይ አቁሞ፣ በቀላሉ የሚተካውን የኋላውን እስከ ጫፍ መሙላት ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል።

የዚህ ሁሉ ማሳረጊያ በ2018 የወጣው ቲ480 ነው። የውስጥ ባትሪው 24 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከኋላ 24፣ 48 ወይም 72 ዋት-ሰዓት ይገጠማል፤ በድምሩ እስከ 96። በብዛት የገባበት ኮር አይ5-8250ዩ ከሱ በፊት ባለሁለት ኮር የነበረውን የ15 ዋት መደብ ወደ አራት ኮር አሳደገው። 15 ዋት የተባለው ግን ለረጅም ሥራ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ፕሮሰሰሩ ከዚያ እጅግ በላይ ይስባል፣ ሙቀቱም ወደ 100 ዲግሪ ወሰኑ ሲጠጋ ፍጥነቱን ራሱ ይቆርጣል። ሊኑክስ የጫኑ ሰዎች ደግሞ ማሽኑ 80 ዲግሪ ላይ ራሱን ሲገታ አገኙት፤ ከመካከላቸው ይህን የሚያርም ፕሮግራም የጻፉ ነበሩ። በዊንዶውስ በኩል ስሮትል ስቶፕ የተባለው ፕሮግራም የአርኤምክሎክን ቦታ ይዞ ነበር። ቮልቴጁን ጥቂት አሥር ሚሊቮልቶች ዝቅ ያደረገ፣ ፔስቱን የቀየረ ባለቤት፣ ያው ቺፕ በዚያው ዋት ይበልጥ ፈጥኖ ሲሠራለት አየ።

በዲሴምበር 2019 ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ከግራዝ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና ከሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ፕለንደርቮልት ያሉትን ጥቃት ይፋ አደረጉ። መሠረቱ ያ የዱሮው ዝምተኛ ስሕተት ነው። ኢንቴል ምስጢር ለመጠበቅ ኤስጂኤክስ የተባለ የተከለለ ክፍል በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሠርቶ ነበር። ማሽኑን በሙሉ ሥልጣን የያዘ አጥቂ በትክክለኛዋ ቅጽበት ቮልቴጁን ዝቅ ሲያደርግ በክፍሉ ውስጥ ያለው ማባዛት ይስታል፤ ከተሳሳተው ውጤትም የምስጢር ቁልፉ ሊወጣ ይችላል። ኢንቴል ቮልቴጅ መለወጫውን የሚቆልፍ ማሻሻያ አወጣ፤ አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ አደረሱት፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ቢዝነስ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ተቆልፈው ወጡ። ለባንክና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ርምጃው ተገቢ ነው። ኤስጂኤክስን ነክቶ የማያውቀው የግል ባለቤት ግን ለማይመለከተው ስጋት ሲል መሣሪያውን አስረከበ። ባትሪውም በዚያው ሰሞን ሄደ፦ በ2019 የወጣው ቲ490 የኋላውን ባትሪ አስቀርቶ 50 ዋት-ሰዓት የያዘ አንድ የውስጥ ባትሪ ብቻ ይዞ መጣ።

ቮልቴጁ ለተቆለፈበት ባለቤት የቀሩት መንገዶች ቀላል ቢሆኑም ይሠራሉ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ሲወርድ፣ ብዙ ማሽኖች ላይ ቱርቦ የተባለው የአጭር ጊዜ ግስጋሴ ይጠፋል። ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ ፋኑ ይረጋጋል፤ ሰነድና ኢሜይል ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ቪዲዮ ሲቀናበር ግን ይታወቃል። የሙሌት ገደቡ አልተቆለፈም። ጽዳቱና ፔስቱም በካቻቪቴ እንጂ በባዮስ ፈቃድ የሚሠሩ አይደሉም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከአሜሪካና ከዱባይ የሚመጡ ያገለገሉ ላቲትዩዶች፣ ኤሊትቡኮችና ቲንክፓዶች በሚሸጡባቸው ሱቆች የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ኮር አይ ስንት ነው?» ነው፤ ሁለተኛው «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» ነው። «ሦስት ሰዓት» የሚለው መልስ ስክሪኑ በምን ያህል ብርሃን፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ስለማይናገር ብዙም አይረባም። ፓወርሲኤፍጂ የተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ይበልጣል። እዚያ ላይ ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘውና አሁን የሚይዘው መጠን ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ 24,000 ሚሊዋት-ሰዓት የነበረው 15,000 ከሆነ ከሦስት አንድ እጅ በላይ አልቋል። ቲ480 በእነዚህ ሱቆች ዋጋውን የያዘበት ሌላም ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ስለሆነ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ሲያበቃ ከባለ ሁለት ባትሪዎቹ መካከል መስመሩን ካለፉት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። የኋላ ባትሪውን ሌሎች ድርጅቶችም ይሠሩለታል። የሴሎቹ ጥራት ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል፤ 72 ዋት-ሰዓት ተብሎ የተሸጠ ባትሪ በሪፖርቱ ላይ ምን ያህል እንደሚል ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ገጥሞ ማየት ይቻላል፤ ማንሸራተቻዋ እዚያው ናት።